እናት ትጽፋለች፣ ልጅ ያነባል፦ ወ/ሮ ማልሆ ሄምብሮም (1954–2021)

ወ/ሮ ማልሆ ሄምብሮም የማሁዋ አበባ በሚረግፍበት ወር፣ እ.ኤ.አ. በ1954፣ በምሥራቅ ሕንድ በዱምካ አውራጃ ሳልቶላ በተባለው መንደር ከአባታቸው ከአቶ ሲንግራይ ሄምብሮምና ከእናታቸው ከወ/ሮ ማይኖ ቱዱ ተወለዱ። የቤቱ በኩር በመሆናቸው ሦስት ወንድሞቻቸውን አዝለው አሳድገዋል። ወንድሞቻቸው ትምህርት ቤት ሲገቡ እርሳቸው እስከ በሩ እያደረሱ ይመለሱ ነበር። በዚህ አንድም ቀን አላማረሩም ብንል ውሸት ይሆንብናል፤ እስከ እርጅናቸው አማርረዋል።

በ1971 ከአቶ ሶማይ ማራንዲ ጋር ጋብቻ ፈጽመው ማኑኤልን፣ ሳሎሚንና ፑልማኒን ወልደዋል። በወጋችን ባልና ሚስት በስም አይጠራሩምና “የማኑኤል አባት”፣ “የማኑኤል እናት” ሲባባሉ ሃምሳ ዓመት ኖሩ። ልጆቻቸውንም ሳል ከተባለው ዛፍ ቅጠል ሳህን እየሰፉ፣ ገበያ እያወጡ አሳደጉ።

በ1986 በቤተ ክርስቲያኑ የእህል መጋዘን ውስጥ እናቶች ከትንንሽ ልጆቻቸው ጋር ፊደል የሚማሩበት ክፍል ሲከፈት፣ ወ/ሮ ማልሆ የአምስት ዓመቷን ፑልማኒን ይዘው ቀድመው ተመዘገቡ። ከከተማ የመጡት መምህርት ከሁለት ወር በኋላ እያንዳንዷ እናት የባሏን ስም ጽፋ ጮክ ብላ እንድታነብ አዘዙ። ሃያ እናቶች አንገታቸውን ደፉ። መምህርቷም ትምህርቱ ያልገባቸው መስሏቸው ደጋግመው አዘዙ። በሚቀጥለው ቀን የመጡት ሦስት ብቻ ስለነበሩ ክፍሉ ሊዘጋ ነው ተባለ።

ወ/ሮ ማልሆ በልጅነታቸው የተመለሱበት በር እንደገና ሊዘጋባቸው መሆኑን ሲሰሙ መምህርቷ ቤት ድረስ ሄዱ።

“መምህር፣ እኛ ደደቦች አይደለንም” አሏቸው። “ስሙን እንጽፈዋለን፣ አፋችን ግን አይጠራውም። ልጆቻችን ያንብቡልን።”

እንደተባለውም ሆነ። ወ/ሮ ማልሆ “ሶማይ” ብለው ጻፉ፤ ፑልማኒ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኻ አነበበችው። እናቶቹ በሳቅ ፈረሱ፣ የቀሩትም ተመለሱ። ከዚያን ቀን ወዲህ በሳልቶላ እናት ትጽፋለች፣ ልጅ ያነባል። ወ/ሮ ማልሆ ራሳቸው ከ1991 ጀምሮ ክፍሉን ለሃያ ስድስት ዓመታት መርተዋል።

የመንደሩን ሰው ሁሉ ሲያስተምሩ የገዛ ባለቤታቸውን ግን ማሳመን አቃታቸው። ከሁሉ አብልጠው የሚመኙት ይህንኑ ነበር።

“ጢም አብቅዬ ከጡት ልጅ ጋር ፊደል ልቁጠር?” ይሉ ነበር አቶ ሶማይ።

“ኧረ ይምጡ የማኑኤል አባት፣ ልጆቹ አይናከሱም!”

እርሳቸው ግን ወይ ፍንክች።

በ2018 መጀመሪያ ወ/ሮ ማልሆን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸውና አንደበታቸው ተያዘ። በግራ እጃቸው በትንሿ ሰሌዳ ላይ “ውሃ” ብለው ሲጽፉ አቶ ሶማይ ብርድ ልብስ ያመጣሉ፤ “ብርድ ልብስ” ሲጽፉ በሩን ይዘጋሉ። ሰሌዳዋን ይዘው የሚያነብላቸው ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት ሲሮጡ ያየ ሁሉ አዝኗል። አንድ ጠዋት የፑልማኒን ልጅ፣ የአምስት ዓመቷን ቺታን፣ እጇን ይዘው ወደ መጋዘኑ ገቡ።

“አያቴ፣ ደብተሩን ዘቅዝቀው እኮ ነው የያዙት!” አለቻቸው ቺታ በመጀመሪያው ቀን።

ከዘጠኝ ወር በኋላ አቶ ሶማይ ከሚስታቸው ሰሌዳ ላይ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ያለ ማንም እርዳታ አነበቡ፦ “ሩዙ አርሯል።” ሁለቱም እስኪበቃቸው ሳቁ፣ አለቀሱም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል በዚያች ሰሌዳ ሲጨዋወቱ፣ ሲጨቃጨቁም ኖረዋል።

ወ/ሮ ማልሆ ሕመሙ ዳግም ጸንቶባቸው በተወለዱ በ67 ዓመታቸው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 14 ቀን 2021 በቤታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና ሰባት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው ሄደዋል። ሀዘናችን ከባድ ነው፤ ደስ የሚለን ግን የመጋዘኑ ክፍል በመጪው ማክሰኞም መከፈቱ ነው።

የዚህን ታሪክ የመጨረሻ መስመር የጻፉት አቶ ሶማይ ናቸው። የእርሳቸው አፍ የሚስታቸውን ስም ስለማይጠራው፣ ቺታ ቆማ ታነብላቸዋለች፦

“ማልሆ፣ ዛሬ ሩዙ አላረረም። ጌታ ነፍስሽን ያሳርፋት።”