ግራ የዞረው የወይን ቋጠሮ

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለጋሼ ሰቨሪኖ፤

ባሕሩ መካከላችን ተንጣሎ ቢለያየንም እንደምን ከርመሃል? ወገብህስ ተሻለህ? እትዬ ካርሜንስ ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? የሮዛሪዮ ከተማ ሙቀትስ ዘንድሮ ራራላችሁ? እኛ ደህና ነን፤ ጉንፋኑ እንኳ እኛን ዘሎ ጎረቤት ገባ።

ጋሼ፣ ቆመህ የምታነብ ከሆነ ተቀመጥ። የጎረቤታችን የእማማ ሮዚልዳ ቤትና የወይን ማሳ የእኔ ሆነ!

እማማ ከወይን ለቀማው ማግሥት ማረፋቸውን ጽፌልህ ነበር። የመቃብራቸው አፈር ሳይደርቅ ያ ቱሪን ያለው የጥርስ ሐኪም፣ የወንድማቸው ልጅ ኤድጋርዶ፣ ደላላ ይዞ ከች አለ። የደላላውን ማስታወቂያ ብታየው! የሚያፈሰውን ጣሪያ "ጥንታዊ ውበት"፣ የላሟን በረት ደግሞ "የእንግዳ ማረፊያ" ብሎታል። ላሟ በሕይወት ብትኖር ቁርሴን አልጋዬ ድረስ አምጡልኝ ትል ነበር። አንድ የሚላኖ ሰው ሊገዛው ተስማማ፤ የታችኛውን የወይን ረድፍ ነቅሎ መዋኛ ሊቆፍርበት!

ያንን ማሳ አሥራ አንድ ዓመት በገዛ እጄ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሕጉም መሬቱን ራሱ የሚሠራ ተከራይ በዚያው ዋጋ ቀድሞ ይግዛ ይላል። ወረቀት ግን የለኝም። ታውቀው የለ፣ እኛ ዘንድ ጎረቤትን ፈርሚልኝ ማለት አላምንሽም ማለት ነው፤ ኪራዩን ከእማማ ጋር ጓሮ በር ላይ ተጨባብጠን ነው የተዋዋልነው። ኤድጋርዶ ይህን ሲሰማ፣ "የሠሩልሽ የቀን ሠራተኞች ናቸው፤ አንቺማ ዳር ቆመሽ ስታዢ ነው የኖርሽው" አለኝ።

በመጋቢት መጀመሪያ የመሬት ቢሮው ሹም ሊያጣራ መጣ። ኤድጋርዶ በሹል ጫማው ጭቃው ላይ ተተክሎ ይለፈልፋል። ይኼኔ የወዲያኛው ጎረቤታችን ጋሽ ባቲስታ ከአጥሩ ማዶ፣ "ጌታው! አፉን ይተዉትና ቋጠሮውን ይዩ!" ብሎ ጮኸ።

ሹሙ ጎንበስ አለ። ወይኑን ከሽቦው ጋር ያሰርኩበት የአኻያ ልምጭ ሁሉ ወደ ግራ ተጠምዟል። እንደ እናታችን ግራኝ ነኝ፤ ከዚህ እስከ ወንዙ ድረስ ደግሞ ሌላ ግራኝ የለም። ልምጭ ሰጠኝና አሰርኩ። ጋሽ ባቲስታም አሰረ፤ የእሱ ወደ ቀኝ ዞረ። ሹሙ ረድፉን ይዞ እስከ ጫፍ ሄደ። የአምናውም የካቻምናውም ቋጠሮ ደርቆ ተንጠልጥሏል፤ ሁሉም ግራ! ተመልሶ ለኤድጋርዶ ልምጭ ዘረጋለትና፣ "እስቲ እርስዎም ይሞክሩ" አለው። ቀጭ! ሰበራት። ጋሽ ባቲስታ፣ "ጥርስ መሰለችህ እንዴ፣ አንተ ሐኪም!" ሲለው ሹሙ ራሱ ሳቁን በመዝገቡ ሸፈነ።

መብቴ ጸደቀልኝ፤ ባንኩም የአባታችንን ማሳ መያዣ አድርጎ አበደረኝ። ትናንት ውል አዋዋዩ ፊት ፈረምን። ኤድጋርዶ ቁልፉን ሲሰጠኝ ዓይኔን አላየኝም፤ እኔ ግን አየሁት።

ይህን የምጽፍልህ ከእማማ ወጥ ቤት ነው። ጠረጴዛውን ኤድጋርዶ ስለወሰደው የተገለበጠ የወይን ሣጥን ላይ ነኝና ጽሕፈቴ ቢወላገድ ይቅር በለኝ። ቅድም አንድ ባለመኪና መንገዱ ላይ ቆሞ ቤቱ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ። በመስኮቱ ብቅ ብዬ፣ "አይሸጥም!" አልኩት። ሲሄድ፣ እንዴት እንደሚጥም ለማየት ለራሴ ደገምኩት።

እትዬ ካርሜንን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለኦታቪያ ናፍቆቴን፣ ለትንሹ ኔስቶር ጉንጩን ቁንጥጫ አድርስልኝ። ጋሽ ባቲስታም ሰላም ብሎሃል።

እህትህ ዴልፊና
ካስቴል ሬሞ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.