ጎሮንዊ ፕሪቸርድ፦ ለአሮጌው የማዕድን ማውጫ ሁለተኛ መውጫ የከፈቱት አናጢ

አቶ ጎሮንዊ ፕሪቸርድ ከአባታቸው ከአቶ አይቮር ፕሪቸርድና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሲያን ኦወን፣ በዌልስ ብሪን ጋርዌን በተባለች መንደር፣ የካቲት 11 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. ተወለዱ። በመንደራቸው ትምህርት ቤት ከተማሩ በኋላ በአሥራ አምስት ዓመታቸው ከአጎታቸው ዘንድ አናጢነት ጀመሩ። በ1963 ከወይዘሮ ኔስታ ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል።

ከመንደሩ በላይ ያለው የእርሳስ ማዕድን ማውጫ ከተዘጋ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። በ1979 ጥቂት የመንደሩ ሰዎች ቅዳሜ ቅዳሜ ዋሻውን ለጎብኚዎች ለመክፈት ያለ ክፍያ መጠገን ሲጀምሩ፣ አቶ ጎሮንዊ የበሰበሰውን ድጋፍ በአዲስ ግንድ የመተካቱን ሥራ ያዙ። ወይዘሮ ኔስታ "እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ምን ጠፍቶብህ ነው?" ሲሏቸው፣ "አያቴ የሠራበት ነው፤ ልጆቻችን ገብተው ይዩት" ይሉ ነበር።

መጋቢት 9 ቀን 1991 ከጓደኛቸው ከጡረተኛው ፖስተኛ ከአቶ ኢድዋል ሪስ ጋር ውስጥ ሳሉ ጣሪያው ከኋላቸው ተናደ። የአቶ ኢድዋል እግር ግንድ ሥር ተያዘ። የውኃ መውረጃው በመደፈኑም ውኃው ቀስ እያለ ይሞላ ጀመር። በናዳው አናት አንድ ሰው በሆዱ ተስቦ የሚያልፍበት ክፍተት ቀርቶ ነበር።

"ውጣ እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ? አንተ ልጆች አሉህ" አሏቸው አቶ ኢድዋል።

"አንተን ውኃው ሊውጥህ? ዝም ብለህ ጭንቅላትህን ቀና አድርግ።"

አቶ ኢድዋል ተጋድመው ስለተያዙ ራሳቸውን ከውኃው በላይ ማቆየት አይችሉም ነበር። አቶ ጎሮንዊ የጓደኛቸውን ራስ በክንዳቸው ደግፈው፣ መብራታቸው ካለቀ በኋላም በጨለማ ተቀመጡ። ጥቂት ቆይቶ ድንጋይ ወርዶ ክፍተቱን ሲደፍነው ሰሙ። ያን ጊዜ "መውጣት ነበረብኝ" ብለው በልባቸው እንዳሰቡ ከልጆቻቸው አልደበቁም። የነፍስ አድን ሠራተኞች ናዳውን ቆፍረው ከሃያ ስድስት ሰዓት በኋላ ሲደርሱባቸው ውኃው ደረታቸው ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ አቶ ጎሮንዊ በር ዘግተው መተኛት አልቻሉም። ሁለት ዓመት ወደ ማዕድን ማውጫው ዝር አላሉም። በ1993 ግን ተመልሰው፣ ከጓደኞቻቸው ጋር የተደፈነ የአየር መሳቢያ ጉድጓድ ስድስት ዓመት ሙሉ ጠርገው ሁለተኛ መውጫ እንዲሆን መሰላል ተከሉበት። አቶ ኢድዋል "ፍርሃቱ ለቀቀህ?" ብለው ቢጠይቋቸው፣ "አለቀቀኝም፤ ይዤው ነው የምገባው" አሉ። በ2004 ዋናው መግቢያ በጎርፍ ሲደፈን፣ ውስጥ የነበሩ ዘጠኝ ጎብኚዎች በዚያ መሰላል ወጥተዋል።

በ2015 በደም መርጋት ግማሽ አካላቸው አልታዘዝ ብሏቸው አሥራ አንድ ወር አልጋ ላይ ቆዩ። አቶ ኢድዋል በምርኩዝ እያነከሱ በየቀኑ እየመጡ ጋዜጣ ያነቡላቸው ነበር። አቶ ጎሮንዊ ጥቅምት 3 ቀን 2016 በተወለዱ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ትተው አረፉ።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጥበት በሌለበት በሰፊው ቦታ ያሳርፍልን።