የመታጠፊያው ገመድ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? እዚያ አገር ቤት፣ ኬሪ ውስጥ፣ ዝናቡ በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ስለ ጉልበትሽ ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ዶሮዎችሽ፣ ጎረቤቶችሽ፣ የሚያፈሰው ጣሪያ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። የላክሽልኝ ዳቦ ብራስልስ እስኪደርስ ትንሽ ደርቆ ነበር፤ ግን በቅቤ ጨረስኩት።

እማዬ፣ ዛሬ ስለ ሥራዬ ልጽፍልሽ ነው። ወንድሜን ኮርማክን ከቀበርን ወዲህ «ሞተር የሚባል ነገር እዚህ ቤት እንዳይነሳ» ብለሻል፤ እኔም ስመጣ «ቢሮ ነው የምሠራው» ከማለት በቀር ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። ዛሬ ግን አላስችል አለኝ። ካናደደሽ አስቀምጪውና ሻይሽን ጠጥተሽ ተመለሺበት።

የምሠራው የአውሮፓ ሞተረኞች ማኅበራት ባቋቋሙት ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነው። ሥራችን መወትወት ነው። የመንገድ ሕግ ሲረቀቅ ከአንዱ የአውሮፓ ፓርላማ እንደራሴ ቢሮ ወደ ሌላው እየዞርን «እኛንም አስቡን» እንላለን። መንገድ ሲሠራ መኪናው ይታሰባል፣ ጭነት መኪናው ይታሰባል፤ በሁለት ጎማ የሚሄደው ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው ትዝ የሚላቸው። ባልደረባዬ ዴትሌፍ ጢሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ጀርመናዊ ነው። ከረባት ሲያስር የታነቀ በግ ይመስላል። ይህንኑ ብነግረው «በጉ ቢያንስ ስብሰባ አይገባም» አለኝ።

የያዝነው ጉዳይ መንገድ ዳር የሚዘረጋው የብረት ገመድ ነው። መኪና ገደል እንዳይገባ ይይዛል። የወደቀ ሞተረኛን ግን የሚቀበሉት ገመዱን የተሸከሙት ምሰሶዎች ናቸው። ኮርማክን መታጠፊያው ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ሲያንሸራትተው ቀስ ብሎ ነበር የሚነዳው፤ ሐኪሙም የገደለው መውደቁ ሳይሆን ምሰሶው መሆኑን ነግሮን ነበር። የጠየቅነው ብዙ አይደለም፤ መታጠፊያዎች ላይ ከገመዱ ሥር ዝርግ የብረት ሽፋን ይደረግ፤ የወደቀ ሰው ምሰሶ ሳይመታ ተንሸራቶ ይቁም ነው ያልነው።

የከበደን የገዛ አገራችን ሰው ነበር፤ ፊንባር ላሊ የሚባል እንደራሴ። ረቂቁን በሚመረምረው የፓርላማ ኮሚቴ ውስጥ እሱ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ብዙዎቹ ይከተሉታል። መጀመሪያ ቢሮው ስንገባ «እኔ ከሞተረኞች ጋር ጠብ የለኝም፤ ግን ማን ሩጡ አላችሁ?» አለን። ዴትሌፍ ፊቱ ቀላ። እኔ «ወንድሜ እየሮጠ አልነበረም» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ወረቀቴን ሰብስቤ ወጣሁ፤ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ግን ተመልሼ ሄድኩ። ደግሜም ሄድኩ። በስተመጨረሻ የላሊ ጸሐፊ «አንቺ ልጅ፣ ለምን አልጋሽን አታመጪም?» እያለች ትቀልድብኝ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ኮሚቴው ድምፅ ሰጠ። ላሊ እጁን አነሳ፤ ለእኛ! እሱን አይተው ሌሎቹም አነሱ። አለፈ፣ እማዬ! ዴትሌፍ ያን ሁሉ ጢም በእንባ አራሰው።

ከስብሰባው በኋላ ላሊን ኮሪደር ላይ አገኘሁትና ምን ሐሳብዎን አስቀየረዎት ብዬ ጠየቅሁት። ሳቀ። «አንዲት የኬሪ ሴት» አለኝ። ሰኞ ሰኞ አገር ቤት ያለው ቢሮው ትደውላለች አሉ። ስሟን አትናገርም። «አንተ መቀመጫህ የሰፋ ሰውዬ፣ እዚያ መታጠፊያ ላይ ተንበርክከህ ሳታይ ስለ መንገድ እንዳታወራ!» ትለዋለች። መጀመሪያ ተናደደ። ሲቆይ ግን ስልኳን መጠበቅ ጀመረ። አንድ ቅዳሜ የነገረችው ቦታ ሄዶ፣ ዝናብ እየወረደ፣ በሱፍ ሱሪው አስፋልት ላይ ተንበረከከ። የጭነት መኪና ሾፌር «ጸሎትህን ቤተ ክርስቲያን አድርስ!» ብሎ ጮኸበት። እሱ ግን ከመሬት ሆኖ ምሰሶዎቹን አያቸው። «ከዚያ በኋላ የምከራከርበት ነገር አጣሁ። ልነግራት ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ሁልጊዜ ሳትሰናበት ነው ስልኩን የምትዘጋው» አለኝ።

ሳትሰናበት ስልክ የምትዘጋ ሴት እኔም አንዲት አውቃለሁ። አልነገርኩትም። ቢሮዬ ገብቼ በሩን ዘግቼ ብቻዬን ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ ግን እንደዚያን ቀኑ አይደለም።

ነገሩ ገና አላለቀም። ሙሉ ፓርላማው ስትራስቡርግ ላይ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ቀጥሎ ደግሞ የየአገሩ መንግሥታት አሉ፤ እነሱ ወጪ ሲባል ይደነግጣሉ። ቢሆንም ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የዚያን ዕለት ለጎብኚዎች ወንበር አለ፤ አንድ አስይዣለሁ። መንገዱ ያደክምሻል፤ ግን ነይልኝ። አውሮፕላን ጣቢያ እቀበልሻለሁ። ከሚስተር ላሊ ጋርም አስተዋውቅሻለሁ። ብቻ ሰላም ስትይው ድምፅሽን ትንሽ ለወጥ አድርጊ።

እግዚአብሔር ደጅሽን በሰላም ያቆይልኝ፤ የኮርማክንም ነፍስ ያሳርፍልን።

የምትኮራብሽ ልጅሽ