ገንዘባችንን ትንሽ ዝቅ አድርጊልን

ሐሙስ፣ የወሩ አሥራ አራተኛ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ

ለታናሽ እህቴ፣ ለሚጡ፣

ፖስታውን ስታዪ «ገንዘብ ልትጠይቀኝ ነው» ብለሽ ከሆነ ተሳስተሻል። «ልትታረቀኝ ነው» ብለሽም ከሆነ አትቸኩይ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ያማርራል እንጂ ሌላው አካላቴ ሥራውን ይሠራል። አንቺም ደህና መሆንሽን በዓይኔ አይቻለሁ። ከስተሻል፤ ፀጉርሽን ማቅለምም ትተሻል። ጥሩ አድርገሻል።

ይህ የእጅ ጽሑፍ የራሴ ነው። ከዚህ በፊት የደረሱሽን ሁለት ደብዳቤዎች የጻፈልኝ ጎረቤታችን ጡረተኛው ነበር፤ ከአፌ የሚወጣውን እያለዘበ። ይህን የሚያለዝብልሽ የለም። በሃምሳ ሰባት ዓመቴ የልጆች ዴስክ ውስጥ ጉልበቴን አጥፌ ሁለት ዓመት ተማርኩ። ፊደል ከምሰፋው ቆዳ ይሻላል፤ ሲበላሽ ይሰረዛል። ቆዳ አንዴ ከተቆረጠ አበቃ።

ማክሰኞ ጓንት ፋብሪካችን ውስጥ ምሳ ስንበላ ቴሌቪዥን ላይ ወጣሽ። «ድምፁን ጨምሩት» አልኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ቆዳ ቆራጯ «ማናት?» አለችኝ። «የዋናው ባንክ ሰው ናት» አልኳት። ጋዜጠኛው «በስምንት ወር ውስጥ ዶላር በእኛ ገንዘብ ፊት ሩቡን አጣ፤ ምን ብታደርጉት ነው?» አለሽ። አስማት እንድትነግሪው የፈለገ ይመስል ነበር።

አንቺ ግን ገንዘብም እንደማንኛውም የሚሸጥ ነገር ነው፣ ፈላጊው ሲበዛ ይወደዳል አልሽው። የመዳብ ዋጋ በዓለም ላይ ሲጨምር መዳባችንን የሚገዙት ብዙ ዶላር ይዘው መጡ፤ ያ ሁሉ ዶላር ደግሞ በእኛው ገንዘብ መመንዘር ነበረበት። ባንኩ ወለድ ሲጨምር ውጭ ይዞር የነበረ ገንዘብ እዚህ መቀመጥን መረጠ። የኑሮ ውድነቱ ሲረግብ ሰው ደመወዙን ይዞ ማደር አልፈራም። «የቀረው እምነት ነው» አልሽ። «ሰው ነገ ይረክሳል ብሎ ሲፈራ ገንዘቡን ይሸሸዋል፤ በዚያው ይረክሳል። ነገ ይጠነክራል ብሎ ሲያምን የደበቀውን ዶላር ያወጣል፤ በዚያው ይጠነክራል።»

ሚጡ፣ ሁሉም ገባኝ። የተማረ ሰው ሲናገር ብዙ ሰምቻለሁ፤ አብዛኛው የሚናገረው እንዳይገባን ነው። አንቺ እናታችን ከነጋዴ ጋር ስትከራከር እንደምትናገረው ነበር የተናገርሽው፤ ድምፅሽን ሳታነሺ፣ አንድ ቃል ሳታባክኚ።

ደግሞም ምስክር ነበረኝ። ቡሎን የምንለው ማሽን ጠጋኝ አለን። ስድስት ዓመት ሙሉ ዶላሩን በአንድ የሞተ ማሽን ሆድ ውስጥ ደብቆ ኖረ። ዶላር ሲወርድ ጊዜ አንድ ጠዋት ባንክ ተሰልፎ ሸጠው። በማግሥቱ ደግሞ ወረደ። ከዚያ ወዲህ ነቢይ ሆኖብናል።

«እኔ ስለሸጥኩ እኮ ነው የወረደው» ይላል።

«ስንት ኖሮህ ነው አንተ?» አለችው ቆራጯ።

«አራት መቶ።»

«አራት መቶ ሺህ?»

«አራት መቶ፤ በቃ አራት መቶ።»

ተንፈራፍረን ሳቅን። በኋላ ሳስበው ግን አንቺ ያልሽው ይህንኑ ነው። ቡሎንን በመቶ ሺህ አብዢው፤ ያ ሁሉ ሰው በአንድ ሳምንት ማሽኑን ሲከፍት ዶላር ለምን አይወርድ?

ከዚያ ጋዜጠኛው «ታዲያ የሚጎዳ የለም?» አለሽ። ሌላ ባለሥልጣን ቢሆን የለም ይል ነበር። አንቺ «አለ» አልሽ። «ሠርተው ወደ ውጭ የሚሸጡ ሰዎች ይጎዳሉ። ጫማ የሚሰፉ፣ ልብስ የሚሰፉ። እህቴ ጓንት ሰፊ ናት።»

«እህትዎ ምን ይሉዎታል?»

«ትሰድበኛለች። ልክም ናት።»

ሠላሳ አንድ ሰው ዞሮ አየኝ። እንዴት እንዳወቁ አልገባኝም፤ ፊቴ ነግሯቸው ይሆናል።

የተመረቅሽ ቀን ጓደኞችሽ «ማናት?» ሲሉሽ «ከሰፈራችን የመጣች ናት» ብለሽ መለስሽ። ይህንን ሃያ ስድስት ዓመት ይዤው ኖሬያለሁ። አባታችን «ለሁለት ልጅ ደብተር አልችልም» ብሎ ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ መርፌ ያስጨበጠኝ አንቺ እንድትማሪ ነበር። የዚያን ቀን ይዤልሽ የመጣሁትን አበባ የገዛሁት በሰፋሁት ጓንት ነው። ይቅር አላልኩሽም፤ በአንድ ቴሌቪዥን አይሻርም። ግን ማክሰኞ ዕለት፣ አገር ሁሉ እየሰማሽ፣ ማንም ሳያስገድድሽ «እህቴ» አልሽ። ምሳዬን ሳልጨርስ ተነሣሁ።

አሁን ስለ ሥራው ልንገርሽ። ገዢዎቻችን ቀዝቃዛ አገር ናቸው፤ ለአንድ ጥንድ ጓንት አሥራ አንድ ዶላር ይከፍላሉ። አሥራ አንዱ ዶላር ዛሬም አሥራ አንድ ነው፤ ሲመነዘር ግን ሩቡ የለም። የእኛ ደመወዝ፣ ቆዳው፣ መብራቱና ኪራዩ የሚከፈለው ደግሞ በገንዘባችን ነው። ቀለሙና ክሩ ከውጭ ስለሚመጣ ረክሷል፤ ያ ግን ጉድጓዱን አይሞላም። የፋብሪካው ባለቤት ገዢዎቹን አሥራ ሦስት ዶላር ጠየቀቻቸው። አመስግነው ወደ ሌላ አገር ሄዱ። ግማሹ ትዕዛዝ ቀረ። ሰኞ ሰብስባን «ከሠላሳ ሁለታችሁ አሥራችሁ ከወሩ መጨረሻ አታልፉም» አለችን። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ስትናገር እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት ነበር።

ስለዚህ ትናንት ወደ እኔ መጡ። ቆራጯ ቀደመች።

«እዚህ ስንት ዓመት አብረን ስንበላ እንዲህ ያለ ዘመድ ደብቀሽን?»

«እሷም ደብቃኝ ነበር፤ ተካክለናል።»

«በይ ጻፊላት። ገንዘባችንን ትንሽ ዝቅ ታድርግልን።»

«ለሁለት ወር ብቻ» አለ ቡሎን። «ትዕዛዙ ሲመለስ መልሳ ከፍ ታድርገው።»

«ምድጃ መሰለህ እንዴ?» አልኩት።

«ታዲያ አለቃ አይደለችም?»

«አንተ ዶላርህን ሸጠህ፣ ገንዘባችን ዝቅ ሲል ልታለቅስ ነው» አለችው ቆራጯ።

«ለእናንተ ስል አለቅሳለሁ» አለ። ይህን ሲል አልቀለደም።

እጽፋለሁ ብዬ ቃል ሰጠኋቸው። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ጥያቄያቸው ይኸው። የእኔን ግን አልጨመርኩበትም።

ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። «እባክሽ» የሚለውን ጽፌ እሰርዛለሁ። አምና የደም ግፊት ክኒኔን በምላጭ ለሁለት እየከፈልኩ ነበር የምውጠው፤ አሁን ሙሉውን እውጣለሁ፤ ዋጋው ወርዶ። ጎረቤቴ ጡረተኛው ወር ሳያልቅ ጡረታው አያልቅበትም። እነሱ ለማን ይጻፉ? ደግሞ ለእህቷ ብላ አንድ ጊዜ ነካችው ከተባለ፣ ቡሎኖች ሁሉ በማግሥቱ ዶላር ፍለጋ ይሮጣሉ። ያ እምነት ያልሽው ነገር እንደ ቆዳ ነው፤ የተቆረጠ አይመለስም። ያኔ እኔ ራሴም አላምንሽም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ግትር ነበርሽ፤ በዚህ ስንቀጣሽ ኖረናል። ለካ ለዚህ ወንበር ነው የተፈጠርሽው።

ስለ እኔ አታስቢ። ከትናንት ጀምሮ የጓንት አውራ ጣት መግጠም እያስተማርኩ ነው። ከጓንት ሥራ ሁሉ ከባዱ እሱ ነው፤ እዚህ ቤት የምገጥመው እኔ ብቻ ነበርኩ። የማስተምራት ሴት ሦስት ልጅ አላት፤ ባሏ ሞቷል፤ የገባችው አምና ስለሆነ እንደ ደንቡ መጀመሪያ የምትወጣው እሷ ነበረች። አውራ ጣት የሚገጥም ሰው ግን አይባረርም፤ ያለዚያ ጓንት የለም። ለሁለት ሰው ደግሞ ሥራው አይበቃም። እጇ ፈጣን ነው፤ ስፌቱን ስታጠብቅ ምላሷን ታወጣለች እንጂ። ማክሰኞ ከሰዓት የፋብሪካው ባለቤት ቢሮ ገብቼ ተነጋግረናል፤ ተስማምተናል።

አንድ ነገር ግን እጠይቅሻለሁ። እምቢ ብለሽ ጻፊላቸው። ለእኔ አይደለም፤ ለእነሱ፣ በስማቸው፣ በፊርማሽ። ለምን እንደማይሆን ለጋዜጠኛው እንዳስረዳሽው አስረጃቸው። እነዚህ ሰዎች እምቢታ ይችላሉ፤ ንቀት ነው የማይችሉት። የማነብላቸው እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ፊደሉን ተለቅ አድርጊው።

የያዝሽው ይጽናልሽ። ጤናሽን አያጓድልብሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ እውነቱን ለመናገር አፍሽን አይያዘው። ምግብ ብዪ፤ አንገትሽ ቀጥኗል።

ታላቅ እህትሽ፣
እታለም

መጨመር ያለብኝ፦ መልስሽ ከወሩ መጨረሻ በፊት ይድረስ። ከዚያ በኋላ ዘበኛው አያስገባኝም።