በአንድ ቀን እደርሳለሁ ላልኸኝ

ለውድ ወንድሜ፤

በዚያ በበረዶ አገር እንዴት ከረምህ? ጤናህ፣ ትምህርትህ፣ ያ የማይለቅህ ሳል እንዴት ነው? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ፋብሪካውም እንዳለ ነው፤ የጥጡ ብናኝ ደረቴ እየገባ ያስለኛል እንጂ ሌላ እንከን የለኝም።

የእማዬን መታመም ሰምተህ የጻፍኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። ከሞስኮ አዲስ አበባ ሌሊቱን በርሬ፣ ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር አንድ ሰዓት ያህል ተጉዤ፣ በአንድ ቀን እቤት እገባለሁ፤ ትኬት ልቁረጥ ወይ ብለሃል። አይ አንተ! ሒሳብ መቼም ይቀናሃል። ለእማዬ ሳነብላት ሳቋ መጣ። «እኔ ከዘጌ በታንኳ ተነሥቼ ገበያ እስክደርስ ቀኑ ያልቅብኝ ነበር፣ ልጄ ከመስኮብ ተነሥቶ በአንድ ቀን?» ብላ ተገረመች። ከዚያ ወዲያ አውሮፕላን በጣና ላይ ዞሮ ሊያርፍ ሲያጓራ በሰማች ቁጥር ከአልጋዋ ቀና ትል ነበር።

መንገዱን ስትቆጥር ፈቃዱን ረሳኸው። ምሥራቅ ጀርመን ይማር የነበረውን የእትዬ የብርጓልን ልጅ ታውቀው የለ? አባቱ ሲሞቱ እሱም እንዳንተ በርሮ መጣ። ምን ዋጋ አለው! እኛ ዘንድ ሬሳ አያድርም፤ ቴሌግራሙ ደርሶት እስኪመጣ አባቱ ከተቀበሩ ሰንብተዋል። አልቅሶ ሊመለስ ሲል መውጫ ፈቃድ ከለከሉት። ፓስፖርቱን ቀሙት፣ ዛሬ ነገ እያሉ አመላለሱት፣ በመጨረሻ ወደ ጦር ሜዳ ሰደዱት። ይኸው እስከ ዛሬ ድምፁ የለም። እትዬ የብርጓል ባላቸውን ትተው የሚያለቅሱት ለእሱ ነው።

ይህን ሁሉ እማዬ ሰምታለች። አንድ ቀን እጄን ጥብቅ አድርጋ ያዘችና፣ ምን ቢመጣ ልጄን እንዳትጠሪብኝ፣ አፈሬንም አንቺው አልብሽኝ፣ ለእኔ አይደርስም፣ ለራሱ ይድረስ ብላ አስማለችኝ። በጊዮርጊስ ነው የማልሁላት። እልክህን አውቀዋለሁ፤ ብትናደድብኝ ተናደድ፣ ብትረግመኝ እርገመኝ፣ ብቻ እንዳትመጣ!

እማዬ እንዴት ናት ላልኸኝ፣ አሁን አያማትም።

በፖስታ የሚላከው ስለሚከፈት ይህን በጋሽ አስማማው እጅ ሰድጃለሁ። የፋብሪካችን መካኒክ ናቸው፤ ለሥልጠና ወደ እናንተ ተልከው ነው። ትንሽ ሽሮ ይዘውልሃል። ሳትታመም ያዘጋጀችው ነው፣ የእማዬ እጅ አለበት፤ ሌላ የለምና አብቃቅተህ ብላው።

ጋሽ አስማማው ገና ሳይነጋ በርህን ለምን እንዳንኳኩ፣ ያገራችንን ልጆች ለምን አስከትለው እንደመጡ አትጠይቃቸው። እንዲያ ያድርጉልኝ ብዬ የለመንኋቸው እኔ ነኝ። ደብዳቤውንም ተቀምጦ፣ ከግራ ከቀኝ ሰው ከያዘው በኋላ ይስጡት ብያቸዋለሁ። ልይዝህስ የሚገባኝ እኔ ነበርሁ፤ ክንዴ እዚያ ድረስ አይዘረጋም። ወንድሜ፣ እንደ ልብህ አልቅስ፤ ሲወጣልህ እህል ቅመስ፣ ከዚያ ወደ ትምህርትህ ተመለስ።

እማዬ የመረቀችህ ሁሉ ይያዝልህ። ጊዮርጊስ በሄድህበት ይጠብቅህ፣ አገር ሰላም ሲሆን ለመገናኘት ያብቃን።

እህትህ