ወንበር ላይ ቆሜ

ትከሻዬ፣ እንደምነሽ? ከጉዞው ያስቀረሽ ያ ወለምታ ዳነ?

ትርኢቱ እስኪጀመር የሰርከስ ቡድናችንን በየሰዉ ቤት በታትነውናል። ለእኔ የደረሰኝ የአንድ ሾፌርና የሚስቱ ቤት ነው። ደጎች ናቸው፤ ግን በቋንቋ ስለማንግባባ የምናወራው በእጅና በጥቅሻ ነው። አፌ ሻገተ! እኛ ቤት ሳያንኳኳ ዘው የሚል አይጠፋም፤ እዚህ አንኳኩተው፣ ፎጣ አቀብለውኝ፣ በሩን ቀስ ብለው ይዘጉታል።

ትናንት የሳሎኑ አምፖል ተቃጠለና ልቀይረው ወንበር ላይ ወጣሁ። ሴትየዋ ከኩሽና እየጮኸች መጥታ ሁለቱንም እግሬን ጥብቅ አድርጋ ያዘችኝ። አስቢው እስኪ፣ አንቺ ትከሻ ላይ ቆሜ ወደ ኋላ የምገለበጠው እኔ፣ ከወንበር እንዳልወድቅባት! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። ከዚያ፣ ከመጣሁ ጀምሮ ሰው ነክቶኝ እንደማያውቅ ገባኝ። አምፖሉን ካጠበቅሁ በኋላም እንደ ሞኝ እዚያው ቆየሁ።

የእናቴን ጉልበት ሳሚልኝ። ልምምድ ቤት ያሉትን ሁሉ በየተራ ቆንጥጪልኝ። ትከሻሽን ደሞ ለማንም እንዳታከራዪ!

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ የመኝታ ቤቴን አምፖል እያየሁ ነው፤ ይህቺስ መቼ ይሆን የምትቃጠለው?