እስኪረጋገጥ ድረስ

ግንቦት 12
አዲሱ የኮምፒውተር ማሽን መጣ። አለቃዬ ሙሽራ እንደሚቀበል ሰው በር ላይ ቆሞ ነበር። «ፕሮግራሙን አትንኪው፣ የሚቀጥለው ማሽን ያፈጥነዋል» እያለ ስንት ዓመት ያደነቆረኝ ሰው! የጎርፍ ትንበያችንን በጎልማሳነቱ ራሱ ነው የጻፈው። እንደ ልጁ ነው የሚሳሳለት።

የነገውን ትንበያ አስጀመርነው። ምሳ በላን... ስሌቱ አላለቀም። ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄደ... አላለቀም። እንደ አሮጌው ማሽን ሊያድር ነው።

ግንቦት 13
«ምን አድርገሽበት ነው?» አለኝ። እኔ! ንዴቴን ውጬ አስረዳሁት። ድሮ አዲስ ቺፕ በመጣ ቁጥር፣ እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥም ፕሮግራሙ ይፈጥን ነበር። ያ ቀረ። አሁን የሚጨምሩልን ፍጥነት ሳይሆን በአንድ ቺፕ ውስጥ የሚያሰሉትን አንጎሎች ብዛት ነው። «የእርስዎ ፕሮግራም ደግሞ በአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፣ ሌሎቹ ተኝተዋል። ሥራውን ካላከፋፈልነው...»

«ሻጮቹ ናቸው ያታለሉን» ብሎ ወጣ። ግትር!

ሰኔ 4
አዲስ ፕሮግራም ደብቄ ጻፍኩ። ሥራውን ለሁሉም የሚያከፋፍል። ሌሊቱን ሙሉ የሚፈጀው ስሌት ሻዬ ሳይበርድ አለቀ!

አሳየሁት። ፍጥነቱን ዞር ብሎም አላየው። ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አድርጎ በጣቱ እየተከተለ... «የመጨረሻዋ አኃዝ ትለያለች። ስህተት ነው።» ሥራው ሲከፋፈል የመደመሩ ቅደም ተከተልና ክፍልፋዮቹ የሚጠጋጉበት ቦታ ስለሚቀየር ነው፣ ለወንዙ ምኑም አይደለም ብዬ ባስረዳው ማን ሰምቶኝ! «የኔ ሳያረጋግጠው ያንቺ ከዚህ ክፍል አይወጣም።»

ጠላሁት። ሌላ ቃል የለኝም።

ሐምሌ 19
ዝናቡ አላባራ አለ። ከቢሮ ከመውጣቴ በፊት የኔን አስኬድኩት። ወንዙ ሞልቶ ታችኛው ሰፈር ይገባል ይላል። ታላቅ እህቴ እዚያ ናት... ከነልጆቿ።

ስልኬን አነሳሁ። ብሳሳትስ? በባዶ ሜዳ ባስደነግጣትስ? ያቺ አኃዝ... የሱ ጠዋት ያልቃል። ይረጋገጥ እንጂ። ስልኬን መልሼ አስቀመጥኩት።

ሐምሌ 20
የሱም ጠዋት አለቀ። ወንዙ ይሞላል አለ። ከሞላ በኋላ።

ሐምሌ 23
እህቴና ልጆቿ እኔ ቤት ናቸው። ነፍሳቸው ተርፋለች። ከቤቷ የተረፈው ግን በአንድ ፌስታል ይዛው የወጣችው ብቻ ነው።

አለቃዬ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። «ከዛሬ ጀምሮ ያንቺን እንጠቀም» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ። ላዝንለት አልቻልኩም። እሱን መስደብ አምሮኝ ነበር... ስልኩን ያስቀመጠው ግን እሱ አይደለም።

እራት ላይ እህቴ፣ «እንደው እናንተ መቼ ነው ያወቃችሁት?» አለችኝ።

«ጠዋት ነው እታለም። ከናንተ እኩል።»

አመነችኝ። «ታዲያ አንቺ ምን ታደርጊ፣ ማሽን ነው» ብላ እኔኑ አጽናናችኝ።